ከመጠምጠም መማር ይቅደም

የሥነ ምድር ካርታ የአንድ አገር መሬት ከምን እንደ ተሠራ የሚያሳይ ሰነድ ነው። በየስፍራው ከአፈሩ ሥር ያለው አለት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ንጣፉ ወደ የት እንደሚያጋድልና በየት በኩል እንደ ተሰነጠቀ ከእርሱ ይነበባል። መንገድ ቀያሹ፣ የውኃ ጕድጓድ ቆፋሪው፣ ግድብ ሠሪውና ማዕድን ፈላጊው ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይህን ካርታ መመልከት ይኖርባቸዋል። በካርታው ላይ በስሕተት የተሰመረ አንድ መስመር፣ በመሬት ላይ ውኃ የሌለው ጕድጓድ ወይም በክረምት የሚናድ መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ካርታው በምን መሣሪያና በምን ዓይነት ሰው እጅ እንደሚሠራ መጠየቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለብዙ ዘመን የሥነ ምድር ባለሙያ ይዞት የሚወጣው ዕቃ መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ የዝንባሌ መለኪያ፣ ማጉያ መነጽርና ደብተር ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1815 ያሳተመውን የእንግሊዝ፣ የዌልስና የከፊል ስኮትላንድ ካርታ ለማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት አገር ለአገር ተዘዋውሯል። የኢትዮጵያም አጠቃላይ የሥነ ምድር ካርታ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ተሻሽሎም በ1996 በ1፡2,000,000 መስፈርት ታትሟል። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትርን ይወክላል። ስለዚህ የአንዲትን ቀበሌ ገደል ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ዛሬም ከቦታው ድረስ ሄዶ መለካት አለበት።

ለዚህ የመለካት ሥራ በቅርብ ዓመታት አዲስ መሣሪያ መጥቷል። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 አይፓድ ፕሮ በተሰኘው ታብሌት ላይ፣ በዚያው ዓመት ቆየት ብሎም አይፎን 12 ፕሮ በተባለው ስልክ ላይ ሊዳር የሚባል የሌዘር ርቀት መለኪያ ገጥሟል። አሠራሩ ለመረዳት አያዳግትም። መሣሪያው ለዓይን የማይታይ ጨረር ወደ አለቱ ይልካል፤ ጨረሩም ነጥሮ ሲመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ካለ አለት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ በቢሊዮን ቢከፈል ሃያውን እጅ ብቻ ያህላል። ሰውዬው ታብሌቱን ይዞ በገደሉ ፊት ቀስ እያለ ሲራመድ፣ የተለኩት ነጥቦች ተሰብስበው የገደሉን ቅርጽ የሚያሳይ ምስል ይሆናሉ።

የመሣሪያው ጥቅም በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ይኸው መለኪያ የተገጠመለትን ስልክ በዴንማርክ ሮኔክሊንት በተባለው የባሕር ዳር ገደል ላይ ፈትነውታል። ገደሉ 130 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ከፍታ ነበረው። የተገኘውም ምስል ከእውነተኛው ቅርጽ የሚለየው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ ድንጋይ ባሉ ትናንሽ ነገሮች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ከዚህም ሌላ ምስሉ ይቀመጣል፤ ከክረምት በፊት የተነሣውን ከክረምት በኋላ ከተነሣው ጋር በማስተያየት ከገደሉ ምን ያህል እንደ ተቦረሸ ማወቅ ይቻላል። ይህን መሣሪያ ንቆ የሚተው ባለሙያ ቢኖር ተሳስቷል እላለሁ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተው፣ «እንግዲህ መዶሻውና ኮምፓሱ ወደ ሙዚየም ይግቡ፤ ተማሪውም ገደል ሥር ተቀምጦ በእርሳስ መሣሉን ይተው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ መሣሪያው የአለቱን ቅርጽ እንጂ ማንነቱን አያውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስትጓዙ ከጎሐ ጽዮን ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ ሸለቆ የምትወርዱበትን መንገድ አስቡ። ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም በታች ጀሶ ያለበት ንጣፍ፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብ ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል። ለጨረሩ ይህ ሁሉ ርቀት ብቻ ነው። የታብሌቱ ካሜራ ቀለም ቢያሳይም፣ ዝናብና ፀሐይ የፈራረቁበት ገጽ ከውስጡ የተለየ መልክ ስላለው ያታልላል። አለቱን በመዶሻ ሰብሮ ትኩስ ገጹን የሚመለከት፣ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጎ የኖራ ድንጋዩ ሲፈላ የሚያይ ሰው ግን እውነቱን ይደርስበታል። ከስንጥቆቹም መካከል የትኛው ከጥንት የነበረ፣ የትኛው መንገዱ ሲቈረጥ በድማሚት የተፈጠረ መሆኑን መለየት የሰው ሥራ ነው። ምስሉ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ያስቀምጣቸዋል።

ሁለተኛው፣ መሣሪያው ሲሳሳት አይናገርም። ምስሉን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ለማዞር በታብሌቱ ውስጥ ባለው ኮምፓስ የሚታመን ሰው፣ ባዛልት በበዛበት አገር ሊሳሳት ይችላል። በባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ስላለ ኮምፓስን ከአቅጣጫው ያስታል። አቅጣጫው አንድ ጊዜ ከተሳተ ደግሞ በምስሉ ላይ የሚለካው የንጣፍና የስንጥቅ አቅጣጫ ሁሉ በዚያው ልክ ይሳታል። እንዲሁም ታብሌቱ የራሱን ጕዞ እያሰላ ስለሚሄድ፣ በረዥም ገደል ላይ ትናንሽ ስሕተቶች ይጠራቀማሉ። ሥራውን በእጁ የተማረ ሰው ርቆ የሚታይ የታወቀ ምልክት አነጣጥሮ አቅጣጫውን ያመሳክራል፤ በሜትር የለካውን ርዝመትም ከምስሉ ጋር ያስተያያል። በእጁ ለክቶ የማያውቅ ግን በምስሉ ውበት ተማርኮ ስሕተቱን ወደ ካርታው ያስገባዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የዚህ መለኪያ ጨረር የሚደርሰው እስከ 5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚለካው ሰው ወደ ገደሉ መጠጋት ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ድንጋይ በሚወድቅበት ስፍራ መቆም ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው የዓባይ ሸለቆ መንገድ በመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የተጎዳ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባለሙያው ከመጠጋቱ በፊት በቅርቡ የወደቀ ድንጋይ፣ አፉን የከፈተ ስንጥቅ፣ ውኃ የሚያዥ ንጣፍ፣ ያዘነበለ ዛፍ መኖሩን መመርመር አለበት። አደጋ ካየም ርቆ ፎቶግራፍ ማንሣትን ይመርጣል። ዓይኑ ከታብሌቱ መስታወት ላይ የተተከለ ሰው ግን ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን አለት አያይም።

ምናልባት፣ «መሣሪያው ነገ ይሻሻላል፤ የአለቱን ዓይነት ራሱ የሚለይበት ቀን ይመጣል» የሚል ይኖራል። ይሻሻል ይሆናል፤ ይሻሻልም ዘንድ እመኛለሁ። ነገር ግን መሣሪያው የሰጠው መልስ ትክክል መሆኑን የሚመሰክር ሰው ያን ጊዜም ያስፈልጋል። ያ ሰው ከየት ይመጣል? ገደልን በእርሳስ ከመሣል የሚገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የሚሥል ሰው ሁሉንም መሣል ስለማይችል ዋናውን ከተራው እንዲለይ ይገደዳል፤ ለመለየትም ማሰብ አለበት። ጨረሩ ግን ሁሉንም ስለሚወስድ የያዘውን ሰው እንዲያስብ አያስገድደውም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ሁለቱ መሣሪያዎች በተራቸው ይምጡ የሚል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በዓይኑ ይይ፣ በእጁ ይሣል፣ በኮምፓስ ይለካ፣ ያየውን በደብተሩ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ታብሌቱን ያንሣ፤ እጅ በአንድ ጧት የማይጨርሰውን ልኬት እርሱ በጥቂት ጊዜ ይፈጽምለታል። የሁለቱ ውጤት ሳይስማማ ሲቀርም ምክንያቱን ይፈልግ። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸው ጥምጣሙን ጠልተው አልነበረም። ጥምጣሙ ለተማረው ሰው እንደሚገባ ሊያስረዱ ነው እንጂ።

እናንተም ተማሪዎች፣ ይህ መሣሪያ በእጃችን የለም ብላችሁ ወደ ኋላ የቀራችሁ አይምሰላችሁ። በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ የወንዝ ዳር ወይም መንገድ ሲሠራ የተቈረጠ ገደል አይጠፋም። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ከአደጋ ርቃችሁ ተቀመጡና ንጣፎቹን ቍጠሩ፤ ወደ የት እንደሚያጋድሉ ሣሉ፤ የትኛው እንደሚጠነክር፣ የትኛው እንደሚፈረፈር ጻፉ። ታብሌቱን አንድ ቀን ስታገኙት፣ የምታሳዩት ገደል ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ።