የኦቨርዶዝ ካርታውና የኛ ዝምታ

የሳን ፍራንሲስኮ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ከ2020 ወዲህ በየወሩ አንድ ሪፖርት ያወጣል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በከተማዋ ውስጥ ከመጠን በላይ በተወሰደ አደንዛዥ ዕፅ፣ በተለምዶ ኦቨርዶዝ በምንለው አደጋ፣ ስንት ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። የሟቾቹ ዕድሜና ጾታ፣ የቆዳቸው ቀለም፣ የሞቱበት ሰፈርና በደማቸው ውስጥ የተገኘው ዕፅ ተለይቶ ይቀርባል። በዚህ ቆጠራ መሠረት በ2020 ዓ.ም. 726 ሰዎች ሞተዋል። ያ ዓመት የኮቪድ ዓመት ነበር፤ ሆኖም በከተማዋ ኦቨርዶዝ የገደለው ሰው ኮቪድ ከገደለው ከእጥፍ በላይ ነበር። በ2021 ዓ.ም. 642፣ በ2022 ዓ.ም. 649፣ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ 810 ሰዎች አለቁ። በ2024 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 635 ዝቅ ብሏል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተሰልቶ፣ በካርታ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ «ከነዚህ ውስጥ ስንቱ የኛ ልጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ከሪፖርቱ መልስ አያገኝም። ለምን? በከፊል የቆጠራው አሠራር ነው። በከፊል ግን፣ መራራ ቢሆንም መነገር አለበትና፣ የኛው የራሳችን ዝምታ ነው። ሁለቱንም እንያቸው።

ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል?

መረጃው የሚሰበሰበው በሦስት እርከን ነው። የመጀመሪያው 911 ሲደወል ነው። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው ኦዲማፕ የተባለው የካርታ ሥርዓት ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ሰው ወድቆ ያገኙበትን ቦታና ሰዓት፣ መትረፍ አለመትረፉን፣ ማንቂያው መድኃኒት ናሎክሶን ምን ያህል እንደተሰጠው እንዲመዘግቡ ያደርጋል። በአንድ አካባቢ የወደቀው ሰው ቁጥር ከተለመደው በላይ ድንገት ሲያሻቅብ ለመሥሪያ ቤቶቹ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል። ይህ ካርታ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ሁለተኛው እርከን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መዝገብ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው የሞት የምስክር ወረቀት ነው።

ይህ የመጨረሻው ቀርፋፋ ነው። አስከሬኑ ይመረመራል፤ ደሙ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ክፍለ ግዛቱ፣ ከዚያም ሲዲሲ ወደሚባለው የፌዴራል የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ይሄዳል። ሲዲሲ በየወሩ የሚያወጣው ጊዜያዊ ቁጥር አራት ወር ያህል የዘገየ ሲሆን፣ ሁለት አሃዞችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ እስካሁን የደረሰውንና ምርመራው ያላለቀው ሲታከልበት ይሆናል ተብሎ የተገመተውን። በጠቅላላው አሜሪካ በ2022 ዓ.ም. ወደ 108,000፣ በ2023 ዓ.ም. ወደ 105,000፣ በ2024 ዓ.ም. ወደ 80,000 ሰዎች እንደሞቱ የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው።

ዳሊ ሲቲ፦ አንድ ጎዳና፣ ሁለት መዝገብ

ሚሽን የተባለው ጎዳና ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ዳሊ ሲቲ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ድንበር መሻገሩን ልብ አይልም። መዝገቡ ግን ልብ ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ የራሷ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም አላት። ዳሊ ሲቲ የምትገኝበት ሳን ማቴዎ ካውንቲ ደግሞ በሕዝብ የሚመረጥ ኮሮነር አለው። ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረን ኦክላንድ ስንደርስ፣ በአላሜዳ ካውንቲ ይህን ሥራ የያዘው የሸሪፉ መሥሪያ ቤት ነው። ሳን ሆዜ ያለችበት የሳንታ ክላራ ካውንቲም የራሱ መርማሪ ቢሮ አለው። አራት ካውንቲ፣ አራት መዝገብ ማለት ነው።

ዳሊ ሲቲ የሚኖር፣ ሳን ፍራንሲስኮ መሃል የሚሠራ አንድ ወጣት እዚያው ቢወድቅና ቢሞት፣ የሳን ፍራንሲስኮ ወርሃዊ ሪፖርት የሞተበትን ቦታ ይዞ ከራሱ ሟቾች ጋር ይቆጥረዋል። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የኦቨርዶዝ መከታተያ ገጽ ደግሞ የመኖሪያ አድራሻውን ይዞ ለሳን ማቴዎ ይመዘግበዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ካርታው በቴንደርሎይንና በደቡብ ገበያ ሰፈሮች ላይ ቀልቶ ሲታይ፣ ዳሊ ሲቲ ያለው ወላጅ «ይኼ የጎዳና ተዳዳሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን አይነካም» ብሎ ይተኛል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ቋሚ አድራሻ የነበራቸው ሰዎች መሆናቸውን ራሱ ሪፖርቱ ያሳያል። ካርታው የሚያሳየው ሰው የወደቀበትን ነው፤ ለቅሶ የተቀመጡበትን ቤት አያሳይም።

በአንድ ሳጥን ውስጥ

ቀጣዩ ጥያቄ ሟቹ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። ኢትዮጵያዊው «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ውስጥ ይገባል። በሳን ፍራንሲስኮ ጥቁሮች ከሕዝቡ መቶኛ 6 እንኳ አይሞሉም፤ ከኦቨርዶዝ ሟቾች ውስጥ ግን ወደ ሲሶ የሚጠጉት እነርሱ ናቸው። ይህ በራሱ የሚያስደነግጥ አሃዝ ነው። ከዚህ አሃዝ በስተጀርባ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማዋ የኖሩ አፍሪካዊ አሜሪካውያን አዛውንትም፣ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅም በአንድ ላይ ተደምረዋል። ለሁለቱ የሚበጀው መፍትሔ፣ የሚደርስላቸው ሰው፣ የሚሰሙት ቋንቋ የተለያየ ነው።

ይህ ሊለወጥ የማይችል ነገር አይደለም። የዳሊ ሲቲ ጎረቤቶቻችንን ፊሊፒኖዎችን እንመልከት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ኤቢ 1726 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ የክፍለ ግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት የእስያና የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆችን በአንድ ላይ መደመሩን ትቶ በየማኅበረሰባቸው ለይቶ እንዲያትም ያስገድዳል። ሕጉ ከሰማይ አልወረደም፤ ማኅበረሰቦቹ ለዓመታት ስለወተወቱ የመጣ ነው። በፌዴራል ደረጃም በመጋቢት 2024 ዓ.ም. የወጣው የዘር መረጃ አሰባሰብ መመሪያ፣ «ጥቁር» በሚለው ሥር በዝርዝር ከሚጠየቁት ምድቦች መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን በስሙ አስገብቶ፣ ለመሥሪያ ቤቶች የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። የካሊፎርኒያ የሞት ወረቀት ደግሞ አሁንም ቢሆን ሟቹ የተወለደበትን አገር ይጠይቃል። ጥሬው መረጃ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ለይታችሁ አሳዩን የሚል ወገን ነው።

እርግጥ አንድ ችግር አለ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ የሟቹ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ይሸፈናል። በሲዲሲ የሕዝብ መረጃ ቋት ከ1 እስከ 9 ያለ የሞት ቁጥር አይታይም። ለኛ ዓይነቱ አነስተኛ ማኅበረሰብ መፍትሔው የበርካታ ዓመታትንና የአራቱን ካውንቲዎች ቁጥር አንድ ላይ ደምሮ መጠየቅ ነው።

የአዲስ አበባ መቃብሮች የነገሩን

ከዳሊ ሲቲ ቀጥላ ኮልማ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከሁለት ሺህ አይበልጡም፤ የተቀበሩባት ግን ከሚሊዮን በላይ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ከመቶ ዓመት በፊት መቃብሮቿን ስታስወጣ የወሰደችው ወደዚያ ነውና። በመቃብር በር ላይ ምን ሊታወቅ እንደሚችል ግን ከኛ አገር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሟቾች ምዝገባ የሚባል ነገር በተግባር አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ታዲያ አንድ ቀላል ዘዴ ቀየሱ። በቤተ ክርስቲያን፣ በሙስሊምና በማዘጋጃ ቤት መቃብሮች መዝጋቢዎችን አስቀመጡ። የሟቹ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ቤተሰቡ የሚናገረው የሞት ምክንያት ይጻፋል። ዘመኑ ኤድስ ስሙ የማይጠራበት ነበር። ቤተሰቡ የሚለው «ብርድ መትቶት»፣ «የሳንባ በሽታ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» ነው። ተመራማሪዎቹ ከተቀበሩት ውስጥ የአንዳንዶቹን ቤት ሄደው ምልክቶቹን እየጠየቁ፣ «ብርድ» የተባለው ስንት ጊዜ ኤድስ እንደሆነ አነጻጸሩ። ያገኙት ከአዋቂዎቹ ሞት ከግማሽ በላዩ በኤድስ የመጣ መሆኑን ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2005 ዓ.ም. የኤድስ ማስታገሻ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ መድኃኒቱ በእርግጥ ሰው እያዳነ መሆኑን ያሳየው ያው የመቃብር መዝገብ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የአዋቂዎች የኤድስ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶ ታየ። ቆጠራው ዝምታውን ሰብሮ ለሕያዋን ጠቀመ።

ተቃራኒውንም አይተናል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ በተነሳው ወረርሽኝ የአዲስ አበባው መንግሥት ለዓመታት «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ሸሽቶ «አተት» በሚል ስም ሸፋፍኖ ሲያልፍ፣ በዚህ በስደት ዓለም ያለን ሁሉ ድምፃችንን አሰምተናል። ጥሩ አድርገናል። ግን የራሳችን ልጅ በፈንታኒል ሲሞት «በድንገት ተለየን»፣ «ልቡ ቆመ» ብለን አስከሬን መላኪያ ገንዘብ ስንሰበስብ፣ እኛስ ያደረግነው ከዚያ በምን ይለያል?

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

ዝምታው ከነውር ብቻ የመጣ አይደለም። ኦዲማፕን የፈጠረው የዕፅ ዝውውርን የሚቆጣጠር የፌዴራል ፕሮግራም ክንፍ ነው። ካርታው አምቡላንስን ብቻ ሳይሆን ፖሊስንም ይጠራል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በዕፅ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጓደኛው ሲወድቅ 911 ከመደወል ይልቅ ፊቱ ላይ ውሃ የሚረጭ፣ ጭራሽም ጥሎ የሚሸሽ አለ።

ይህን መገንዘብ ይገባል፦ ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት፣ ለኦቨርዶዝ ዕርዳታ የጠራ ሰውም ሆነ የወደቀው ሰው ለራስ መጠቀሚያ ዕፅ ይዞ በመገኘት ወይም ወስዶ በመገኘት አይከሰስም። ሕጉ ሻጭን አይሸፍንም፤ ስለ ኢሚግሬሽንም አይናገርም። ነገር ግን ስልክ መደወል ክስም ፍርድም አይደለም። የጓደኛን አስከሬን ትቶ መሄድ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል ነገር ነው።

ሌላም ስጋት አለ። በ2025 ዓ.ም. የፀደይ ወራት የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ወደ 10,000 ሠራተኞችን ሲቀንስ፣ በሲዲሲ ውስጥ የአደጋና የኦቨርዶዝ ጉዳይ የያዘው ማዕከልም ተነክቷል። ቆጣሪው ሲያንስ ካርታው ይደበዝዛል። መጀመሪያ የሚጠፉት ደግሞ ቀድሞውንም ደብዝዘው የነበሩት ናቸው።

ምን ይደረግ?

የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በዳሊ ሲቲ አካባቢ ያሉ የኮሚኒቲ ማኅበራትና አብያተ እምነት ለአራቱ ካውንቲዎች የጤና መሥሪያ ቤቶች አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፤ በኢትዮጵያ የተወለዱ የኦቨርዶዝ ሟቾች የበርካታ ዓመታት ቁጥር ስም ሳይጠቀስ ተደምሮ ይሰጠን ይበሉ። አሜሪካ የተወለዱትን ልጆቻችንን ይህ አይጨምርምና፣ የሞት ወረቀት የሚያስሞላ ቤተሰብ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቃል ያስጽፍ። ወረቀቱ እስከ ሦስት የዘር መግለጫ ይቀበላል።

ሁለተኛ፣ ናሎክሶን በየቤታችን፣ በየታክሲያችን፣ በየመኪና ማቆሚያው ዳስ ይኑር። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው። ከ2023 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል። ካሊፎርኒያ በራሷ ስም ያስመረተችው ሁለት መርጫ በ24 ዶላር ቀርቧል፤ በነፃ የሚያድሉ የካውንቲ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ትንፋሹ የሚያንኮራፋ ወይም የቆመ፣ ሲጠሩት የማይነቃ ሰው ካያችሁ ርጩለት፣ 911 ደውሉ፤ በሁለት በሦስት ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን ድገሙ። ፈንታኒል ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ አይጎዳውም።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የመረመራቸው ፈንታኒል ያለባቸው የሐሰት ክኒኖች በ2023 ዓ.ም. ከ10 ሰባቱ፣ በ2024 ዓ.ም. ከ10 አምስቱ ሰው ሊገድል የሚችል መጠን ነበራቸው። ልጁ ለራስ ምታት ወይም ለፈተና ጭንቀት ብሎ ከጓደኛው የተቀበለው አንድ ክኒን ሊሆን ይችላል።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የመቃብሩ መዝገብ አዲስ አበባ ላይ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። በቀጣዩ ለቅሶ ላይ የሞተውን ልጅ ስም በክብር እየጠራን የገደለውንም ነገር በስሙ እንጥራው። ያን ጊዜ ሌላው ወላጅ በጊዜ ይነቃል።

ቸር ወሬ ያሰማን።