ከማንቆርቆሪያው ነጭ ይልቅ የማይታየው ያስፈራኛል

ጂንካ ስገባ የገዛሁት ማንቆርቆሪያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሸፈነ። በማንኪያ ፋቅ ሳደርገው እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተሰበረ ይወጣል። ሻይ ስቀዳ ከላዩ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። ልብስ ሳጥብ ደግሞ ሳሙናው ያልቃል እንጂ አረፋ የሚባል ነገር የለም። ሳፋው ዳር ላይ ግራጫ ዝቃጭ ብቻ ይቀራል። ባቄላ ለመቀቀል ከሰል ሁለቴ ይጨመራል።

አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ እያለ አከራዬ ማንቆርቆሪያዬን አዩት። “ልጄ፣ ይሄ ነገር ብረት ላይ እንዲህ ከሠራ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?” አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝና ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቧንቧውን ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ አደረጉት። ለመጠጥ ብር ሲኖር ሃይላንድ ይገዛል፣ ሳይኖር ከነሪ ወንዝ በጀሪካን ይመጣል። “የወንዙ ቀላል ውሃ ነው፣ አረፋውም ጥሩ ነው፣ ዕቃ አያነጣም” ይሉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የልጅ ልጃቸው በተቅማጥ ተኛ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ መጀመሪያ የተጠየቅነው “የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?” የሚል ነበር። ልጁ ዳነ፣ ተመስገን። እኔ ግን ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። የማንቆርቆሪያው ነጭ ምን እንደሆነ እኮ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። ባለሙያዎች ይህን “ከባድ ውሃ” ይሉታል። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣና የሟሟው ካልሲየም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቅርፊቱ ኖራ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሳሙናውም አረፋ ከመሥራቱ በፊት ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል። ባቄላውም ቶሎ የማይበስለው ካልሲየሙ ቆዳውን ስለሚያጠነክረው ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ያደገ ጓደኛችሁን ጠይቁ። ድሬዳዋ ውሃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው፣ ከርሰ ምድሩ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለበት ምክንያት የሆነው ያው ድንጋይ ማለት ነው። መቀሌም አጠገቧ መሰቦ ሲሚንቶ ያለው በከንቱ አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ቧንቧ በኖራ ይጠባል፣ ሂተር ቶሎ ይቃጠላል። ሰዉ ግን በዚያው ውሃ ኖሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ክብደት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም፣ ምክንያቱም ሰው እንደሚጎዳ የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘም። በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ዕቃና ቧንቧ ላይ ቅርፊት ሊሠራ እንደሚችል ነው የሚናገረው። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ደግሞ 300 ይላል። የኩላሊት ጠጠርን በተመለከተ እንደ ቱርሚና ኦሞራቴ ባለ ሙቀት ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው ውሃ አለመጠጣት ነው። ነጩን ፈርቶ ውሃ የሚቀንስ ሰው የፈራውን ነገር ራሱ ይጠራዋል።

ኪስን አይጎዳም አልልም፤ ይጎዳል። ሳሙና፣ ከሰል፣ መብራት፣ የተቃጠለ ሂተር ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ሸክሙም የሚበዛው ልብስ የምታጥበዋና ምግብ የምታበስለዋ ላይ ነው። መላው ግን ቀላል ነው። ማንቆርቆሪያውን አቼቶ ወይም ሎሚ በውሃ አድርጋችሁ አፍሉና አሳድሩት፣ ቅርፊቱ ይለቃል። ለልብስ ከደረቅ ሳሙና ይልቅ የዱቄቱ ይሻላል (“ኦሞ” የሚባለው ከወንዛችን ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም)። የመጠጡን ደግሞ አፍሉት፣ ያስቀምጡትና ይጥለል፣ ከላይ ቀስ ብላችሁ ቅዱት። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ኖራውንም በከፊል ያወርዳል። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ኖራ አይቀንስም፤ ይህን አትጠብቁበት።

እስካሁን ያልኩት “አትፍሩ” ነው። አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ።

ከስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከዝዋይ አካባቢ የመጡ ጓደኞች አሏችሁ? አንዳንዶቹ ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ጥርስ ሳይቦርሹ ቀርተው አይደለም። በልጅነታቸው ጥርሳቸው ሲሠራ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ነው። ብዙ ዓመት በብዛት ሲጠጣ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ሰው ያጎብጣል። የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ብታፈሉትም አይወጣም።

የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ካልሲየም በሌለበት ግን ሟሙቶ ይከማቻል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ የሚበዛበት ውሃ አረፋው ደስ የሚል፣ ማንቆርቆሪያ የማያነጣ “ቀላል” ውሃ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች ኬሚስትሪ ባይማሩም አልተሳሳቱም። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ወንጂ ላይ አያበቃም። በወይጦ በኩል ወደ ጨው ባህር ይወርዳል። በደቡብ ኦሞ ቆላ የሚቆፈር እያንዳንዱ ጉድጓድ ይህ ጥያቄ አለበት።

ሁለተኛው የማይታየው ጀርም ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሌራ ደቡብ ኦሞ ገብቶ ነበር። ኮሌራ ማንቆርቆሪያ ላይ ምልክት አይተውም።

ስለዚህ ዓይናችን ዳኛ መሆን አይችልም። ስልካችን ላይ የሚመጣውም አይደለም። ቲክቶክ ላይ አንድ ሻጭ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቅና የቧንቧው ሲጠቁር፣ የማጣሪያው ንጹህ ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። የጠቆረው የመሣሪያው የራሱ ብረት እየሟሟ ነው። በተጣራው ውሃ ውስጥ ጨው ስለሌለ ኤሌክትሪክ አላለፈም፣ በቃ። ቲዲኤስ የምትባለው ትንሽ መለኪያም የሟሟውን ነገር በጥቅሉ ነው የምትገምተው። ፍሎራይድን ለይታ አትነግራችሁም፣ ጀርም ደግሞ ጭራሽ አታውቅም።

ታዲያ ማን ይንገረን? በኖርኩባቸው ከተሞች ሁሉ የውሃ ቢል ተቀብያለሁ። ስንት ኪዩብ እንደተጠቀምኩና ስንት ብር እንዳለብኝ ይነግረኛል። የጠጣሁት ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ አንዲት ቁጥር አይቼበት አላውቅም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ሲመረመር ውጤቱ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ ካለ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ምን ያስከፍላል?

የምጠይቀው አምስት ቁጥር ነው፤ ክብደት፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ የቀረ ክሎሪንና የጀርም ምርመራ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድና ምንጭ፣ የተመረመረበት ቀን ተጽፎበት፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ። ከጎኑ ገደቡ ይጻፍ፣ ሰው ራሱ ያወዳድር። ጥሩ ከሆነ እሰየው፣ ሰው ቧንቧውን ያምናል፣ ወደ ወንዝ አይሮጥም። ጥሩ ካልሆነም ችግሩን ቀድሞ ማወቅ ሕፃን ከታመመ በኋላ ከማወቅ ይሻላል። ወጣቶችም ሥራ አለን፤ በየከተማችን ስብሰባ ሲጠራ “ውሃ መቼ ይመጣል?” ከሚለው ቀጥለን “ምርመራው ምን ይላል?” ብለን እንጠይቅ።

ባለፈው ሳምንት ማንቆርቆሪያዬን በአቼቶ አፍልቼ ለአከራዬ አሳየኋቸው። እንደ አዲስ ያበራል። ኖራ መሆኑን፣ ኩላሊት ውስጥ እንደማይጋገር፣ የወንዙ ግን ሳይፈላ መጠጣት እንደሌለበት ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝና “ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚነግረን ጠፍቶ ነው?” አሉ።

መልስ የለኝም። መልስ ያላቸው ወረቀቱን የያዙት ናቸው።