የዩኒክስ ዘመዶች ስለ ምን አይስማሙም?





በአዳይቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የፈቃድ ዋጋ የማይጠየቅበት ሊኑክስ ለአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮቻችን ስለ ተስማማ፣ የተማሪዎችን ውጤት የምናጠናቅረው በእርሱ ነው። አምና አንድ በጎ አድራጊ የአፕል ኮምፒዩተር ሲሰጠን «ሁለቱም የዩኒክስ ዘመዶች ናቸውና አንዱ የሚሠራው ሌላውን አያቅተውም» ተባለ።

ዝምድናው እውነት ነው። ዩኒክስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 በአሜሪካ፣ በቤል ቤተ ሙከራ ተጀመረ። የአፕሉ ሥርዓት በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በኩል የመጣውን ሐረግ ይዟል፤ ሊኑክስን ግን ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በዩኒክስ አምሳል እንደ አዲስ ጀመረው። መልካቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ይለያያል።

በፋይል ውስጥ አንዱን ቃል በሌላ የሚተካ «ሰድ» የሚባል ትእዛዝ አለ። በሊኑክስ ፋይሉን እዚያው እንዲያርም ቢታዘዝ ወዲያው ያርማል። አፕል ግን በመጀመሪያ የመጠባበቂያው ቅጂ በምን ቅጥያ እንደሚቀመጥ ይጠብቃል፤ ካልተነገረው የእርማቱን ትእዛዝ ራሱን ቅጥያ አድርጎ ይቈጥርና ሥራውን እምቢ ይላል። ይህስ ይሁን፤ እምቢ ያለ አገልጋይ ቢያናድድም አያታልልም።

የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያጠፋው ነው። ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ አፕል በተለመደው አሠራሩ አይለይም። የሒሳብ መምህሩ የ10ኛ «ኤ»ን ውጤት በትልቁ ፊደል፣ የፊዚክሱ በትንሹ ሰይመው ነበር። ፋይሎቹ በኔትዎርክ ወደ አፕሉ ሲገለበጡ የኋለኛው በፊተኛው ላይ ተጻፈና የሒሳቡ ውጤት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ዋናው ቅጂ በሊኑክሱ ላይ ባይቀር ኖሮ የአንድ ክፍል ልጆች ድካም መና በቀረ ነበር! የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ አይታየንም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «አንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ብቻ ይገዛ» ይላሉ። በስጦታና በቁራጭ በጀት ለሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ምክር አይደለም። ፖዚክስ የሚባል የጋራ ደንብ በ1988 ወጥቷል፤ የትእዛዞቹም ክፍል በ1992 ተጨምሮለታል። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ ትእዛዝ እየጻፋችሁ ወደ ወረዳ የምትልኩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚያ ደንብ ብትወሰኑ፣ የታረመውንም በአዲስ ፋይል ላይ ብታወጡ፣ የፋይሉን ስም ሁልጊዜ በትንሹ ፊደል ብትጽፉ፣ ከመላካችሁም በፊት በሁለቱም ዓይነት ኮምፒዩተር ብትሞክሩ ምን ይጐድልባችኋል? እኛ ስሕተቱን የሚያርም ባለሙያ ፍለጋ በዚህ ሐሩር እስከ ሰመራ እንሄዳለን።

መምህር፣ ከአዳይቱ