«በቃ» የሚለው ማን ነው?

ምኩራብ ከጠበበ ይስፋ፤ ወጪውንም አባላቱ ይሸፍኑ። በዚህ አንጣላም። የሚያጣላን ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው።

የአሜሪካዎቹን እንውሰድ። በሰንበት ገንዘብ መንካት በአይሁድ ሕግ ክልክል ስለሆነ፣ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም። ብዙዎቹ ምኩራቦች የኖሩት በዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ነው፤ ለአዲስ ዓመትና ለማስተሥረያ ቀን ደግሞ መቀመጫ በቲኬት የሚሰጡ ሞልተዋል። ቤቱ ጠበበ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ በነዚሁ ጥቂት ቀናት ነው። (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ይህን አውቀው በጸሎቱና በግብዣው አዳራሽ መካከል ተጣጣፊ ግድግዳ አበጅተዋል። ብልሃት ከገንዘብ ሲቀድም እንዲህ ነው።) ያም ሆኖ የማስፋፊያ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ የዋጋ ዝርዝር ይወጣል። አዳራሹ በማን ስም ይጠራ? ይህን ያህል። የመማሪያ ክፍሉስ? ይህን ያህል። አቅሙ አነስ ላለው በመግቢያው ግድግዳ ላይ የነሐስ ዛፍ ይሠራለትና ስሙን በአንዲት ቅጠል ላይ ያስቀርጻል። ቅጠል መግዛት ያቃተውስ? እሱማ በገዛ ጸሎት ቤቱ የሌሎችን ስም እያነበበ ይገባል፣ ይወጣል።

«ሰው ስሙን ካላየ ኪሱን አይፈታም» ይሉናል። በእርግጥ ሕግም ከጎናቸው አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የባርሴሎናው ረቢ ሰሎሞን ቤን አድሬት ለጋሽ በሰጠው ነገር ላይ ስሙን ቢያስጽፍ ፈቅደዋል። በጥንታውያን ምኩራቦች ወለል ላይም የለጋሽ ስም ሞልቷል። እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ከእመቤታችን እግር ሥር ከነስሙ ተደፍቶ የተሣለውን ባለጸጋ ያላየ ማን አለ?

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1936 በኢያሪኮ የተገኘው ጥንታዊ ምኩራብ ወለል ሌላ ነገር ይናገራል። በአራማይክ የተጻፈው ምርቃት ከለጋሾቹ አንዱንም በስም አይጠራም። ሽማግሌውንም ወጣቱንም፣ ማኅበሩን በሙሉ ይመርቅና፣ ስማቸውን የሚያውቀው አምላክ በሕይወት መጽሐፍ ይጽፋቸው ዘንድ ይለምናል። በቤተ አልፋው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብ ደግሞ በግሪክኛ ከነስማቸው እንዲታሰቡ የተጻፉት ወለሉን የሠሩት ባለሙያዎች፣ ማሪያኖስና ልጁ ሐኒና ናቸው። ለእጅ ሥራ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ማኅበር ዛሬ ከዋጋ ዝርዝር በቀር ሌላ መላ ጠፋኝ ቢል አላምነውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ራሱ ኦሪት ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 30 ዕድሜው 20 ዓመት የሞላው ሁሉ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ባለጸጋው እንዳይጨምር፣ ድሃው እንዳያጎድል። ብሩ ምን ላይ ዋለ? ምዕራፍ 38 ይነግረናል፦ ድንኳኑ የቆመባቸው 100 እግሮች ተሠሩበት። ወርቁና ሐምራዊው ግምጃ ልቡ ከፈቀደ ሰው መጣ፤ ሴቶቹም የፍየል ጠጉር ፈተሉ። ጌጡ በፈቃድ፣ መሠረቱ ግን በእኩል መዋጮ ነበር። ኮሚቴዎቻችን ይህን ገልብጠውታል። መሠረቱን ለጥቂት ባለጸጎች ሸጠው ለድሃው ቅጠል ያቀርቡለታል። ድሃው የሚችለውን ያህል እኩል መዋጮ ቆርጠው ቢጀምሩ ምን ይቸግራቸዋል? ጉልበትና ሙያ ያለውስ ስለምን አይቆጠርለትም? በአገራችን ቤተ እስራኤል መስጊድ የሚሉትን ጸሎት ቤት በየመንደሩ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ሲያቆሙ መዋጮው ጉልበትም ነበር።

ደግሞ ምዕራፍ 36 አለ። ሕዝቡ ከሚበቃው በላይ ስላመጣ ሙሴ ወንድም ሴትም ከእንግዲህ እንዳያመጣ በሰፈሩ አሳወጀ። «በቃ» ያለ የማስፋፊያ ኮሚቴ የሰማ ካለ ይንገረን። ግንቡ ካለቀ በኋላም ደብዳቤው ይመጣል፤ ለምንጣፍ፣ ለመብራት፣ ለመኪና ማቆሚያ። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍልን፦ ልመናው ስንት ዶላር ሲሞላ እንደሚቆምና «በቃ» ብሎ የሚያውጀው ሰው ማን እንደሆነ።