«ርዕሱን ጽፈህ አምጣ»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠው ሰው «ያለፈውን መጽሐፍ ወደዳችሁት?» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን አንድም ቀን አላለኝም። የሚጠይቀኝ መታወቂያ ነው።

በቀደም አንድ ወጣት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መልሶ «እንዲህ ዓይነት ሌላ አለ?» ሲል ሰማሁ። መልሱ፣ «ርዕሱን ጽፈህ አምጣ» ሆነ። ወይ ጉድ! ርዕሱን ቢያውቀውማ ምን ያስጠይቀዋል?

«ምኑን ወደድክለት?» ቢባል ይበቃ ነበር። የጉዱ ካሣን ሙግት ከሆነ፣ አሮጌውና አዲሱ የሚፋጠጡበት የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) አለለት። የሐዲስ አለማየሁን አተራረክ ከሆነ «ወንጀለኛው ዳኛ» አለ። ያለፈውን ዘመን ከሆነ ደግሞ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»። ይኼ ምሥጢር አይደለም፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ችግሩም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«የእኛ ሥራ መጻሕፍቱን መጠበቅ ነው» የሚሉ አሉ። ከማን? ከአንባቢ? መጽሐፍ ተሸክሞ የሚዞረው ልጅ እንኳ «ጋሼ፣ ያቺን ከወደዷት ይቺን አይለፏት» ይለኛል። እርግጥ ሊሸጥልኝ ነው፤ ግን ባለፈው የወሰድኩትን ያስታውሳል።

አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ስለ ሕንፃው ብዙ ተወራ። እኔም ደስ ብሎኛል። አሁን ግን በየቤተ መጻሕፍቱ ስላለው ባንኮኒ እናውራ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሲቀጠር ምን ምን እንዳነበበ ይጠየቅ፤ ከተቀጠረ በኋላም ከሥራ ሰዓቱ ላይ ማንበቢያ ይሰጠው፤ ሲያነብ ያገኘው አለቃም «ሥራ ፈታህ» ብሎ አይቆጣው።