የቤት ቪፒኤን ሰርቨርና የጎደለው አድራሻ

በአገራችን «ቪፒኤን» የሚለው ስም የተለመደው ከመዘጋት ጋር ተያይዞ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል በቆዩበት ጊዜ፣ ስለ ኔትወርክ ምንም የማያውቅ ሰው ሳይቀር በስልኩ ነጻ ቪፒኤን ጭኖ ነበር። በዚህም የተነሣ ሁለተኛው የቪፒኤን አገልግሎት፣ ይኸውም የራስን ቤት ኔትወርክ ከርቀት በተመሰጠረ መንገድ ማግኘት፣ እምብዛም አይነሣም። በቤት የሚተከል ሰርቨር የተዘጋ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ መረጃው የሚወጣው በዚያው በአገር ውስጥ መስመር ነውና። ጥቅሙ ሌላ ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተካተቱት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ነዋሪ ቤቱና የሥራ ቦታው ተራርቀዋል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ስሌቱን የሚያሠራበት ኮምፒውተርና የቃለ መጠይቅ ቅጂዎቹ ከቤት ናቸው፤ እርሱ ግን ከቤተ መጻሕፍት ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ጥቂት ዋት ብቻ የምትፈልግ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ዋየርጋርድ ይጫናል፤ ራውተሩም አንድ የዩዲፒ ፖርት፣ በተለምዶ 51820ን፣ ወደ እርሷ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመስመሩ አድራሻ ሊቀየር ስለሚችል፣ አዲሱን አድራሻ በአንድ ቋሚ ስም ላይ የሚመዘግብ አገልግሎት ይጨመራል። ለራውተሩም ለኮምፒውተሯም ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ መግዛት ብልህነት ነው።

ዋናው እንቅፋት ከራውተሩ ውጭ ነው። የአይፒ አራተኛው ስሪት ያለው አድራሻ ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች አንድን ይፋዊ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራሉ፤ ለዚሁ ተብሎም እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል ተለይቷል። በራውተሩ ገጽ ላይ የውጭው አድራሻ በዚህ ክልል ውስጥ ከታየ፣ ወይም በ10 ከጀመረ፣ ፖርት መክፈት ከንቱ ድካም ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ከቤቱ ራውተር ጋር ሳይደርስ ይቀራል። ደንበኛው መላክና መቀበል የሚችል ይመስለዋል እንጂ፣ ጥሪን በቀጥታ ማስተናገድ አይችልም።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ሰዎች የግቢያቸውን ካሜራ በአምራቹ የውጭ አገር ሰርቨር በኩል ይመለከታሉ፤ የቤታቸው ምስል በማያውቁት ሰው እጅ ያልፋል። ሰርቨር ከውጭ መከራየትም መፍትሔ ነው፤ ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለተማሪ የሚሞከር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ ዜጋው መረጃውን በራሱ ቤት የሚጠብቅበት ቴክኒካዊ ዕድል ሲነፈገው ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ይፋዊ አድራሻ ለቤት ደንበኛ ማደል አደጋ አለው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ማርኮ ለጥቃት አሰልፏል። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የተማረኩት ራሳቸው ለኢንተርኔት የተጋለጡ ዕቃዎች ናቸው። ዋየርጋርድ ግን ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ጨርሶ መልስ አይሰጥም፤ ፖርት የሚፈትሽ ሰው ሰርቨሩ መኖሩን እንኳ አይለይም። ካሜራው ከኋላው ሆኖ ይጠበቃል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የብሮድባንድ ውል አድራሻው የጋራ ይሁን ይፋዊ በግልጽ እንዲያሰፍር ማዘዝ ይገባዋል፤ ፍጥነት በውል ላይ ከተጻፈ ይህም የማይጻፍበት ምክንያት የለም። አገልግሎት ሰጪዎችም ይፋዊ አድራሻን በቤተሰብ አቅም ዋጋ ያቅርቡ፤ ዘላቂው መንገድ ግን ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን የአድራሻ ክልል መስጠት የሚያስችለው ስድስተኛው የአይፒ ስሪት ነው። እስከዚያው በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ አዲስ መስመር የሚያስገባ ሰው፣ ከመፈረሙ በፊት ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አድራሻውም ይጠይቅ።