የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ወባ የሚገባበት በር



ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ዝዋይ ለሚመላለስ ሰው ክረምት ሲወጣ ወባ እንደሚበረታ መንገር አያስፈልግም። ይህ እትም ግን ስለ አጎበር ብቻ አይመክርም። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኘውን «ዳፊ» የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ይመረምራል።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ የሚዘልቀው በዋናነት በዚህ ፕሮቲን በኩል ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ተውሳኩን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። በምዕራብ አፍሪካ ቫይቫክስ እምብዛም የማይታየው አብዛኛው ሰው ዳፊ ስለሌለው ነው። በአገራችን ግን ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ፋልሲፓረም ከተባለው ተውሳክ ቀጥሎ ዋነኛው የወባ መንስኤ ነው። ከዚያም አልፎ ተመራማሪዎች ዳፊ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን በቫይቫክስ ተይዘው አግኝተዋል። ያለ ዳፊ እንዴት ተያዙ የሚለው ጥያቄ የእኛ ከሆነ፣ ምርምሩም እዚሁ ሊጠናከር ይገባል እንላለን።

ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ለምን እንደሚያገረሽና የታዘዘ ፕሪማኩዊን የተባለ መድኃኒት ለምን ሳይጨረስ መቋረጥ እንደሌለበት በዚህ እትም ታነባላችሁ። ዳፊ የሌለው ጤነኛ ሰው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ እንደሚችልም ተብራርቷል። የጤና ባለሙያዎች ይህን የሚያብራራውን ጽሑፍ እንዳታልፉት አደራ እንላለን፤ ጤነኛውን ታማሚ ከማለት ያድናልና።